ኮዱን ማሽን ይጽፋል፤ ዕዳውን ማን ይከፍላል?

የዛሬውን ጽሑፍ በእህቴ ልጅ እንድጀምር ፍቀዱልኝ። ልጁ አራት ዓመት ኮምፒውተር ሳይንስ ተምሮ፣ ገዋን ለብሶ፣ ቆብ ደፍቶ፣ ፎቶ ተነስቶ ተመረቀ። እናቱም ፎቶውን በፍሬም አስገብታ ሳሎን ሰቀለችው። ከዚያማ ዲግሪውን በፕላስቲክ ማኅደር ይዞ ከቦሌ መገናኛ፣ ከመገናኛ ሜክሲኮ ፎቅ ለፎቅ መዞር ሆነ ሥራው። በቅርቡ አንድ ስሙን የማልጠቅሰው የሶፍትዌር ድርጅት ለቃለ መጠይቅ ጠራውና ሸሚዙን ተኩሶ ሄደ። ሥራ አስኪያጁ ማኅደሩን እንኳ ሳይከፍት፣ "ወንድሜ፣ አንተ የምትሠራልንን አሁን ኤአይ በወር በ20 ዶላር ይሠራልናል። ጀማሪ መቅጠር ካቆምን ቆየን። ሦስት አራት ዓመት ልምድ ስታገኝ ተመልሰህ ና" ብሎ ሸኘው።

ልጁ ማታ ቤት መጥቶ አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ፤ "ጋሼ፣ ልምዱን ከየት ላምጣ?"

መልስ አጣሁ። ኧረ ለመሆኑ መልስ ያለው ማን ነው? ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ይቺው ጥያቄ ናት።

ነገሩ እንዴት ተጀመረ?

እ.ኤ.አ. በጁን 2021 ጊትሀብ የሚባለው የማይክሮሶፍት ንብረት "ኮፓይለት" የተሰኘ መሣሪያ ለሙከራ አወጣ። ፕሮግራመሩ ኮድ ሲጽፍ ጎኑ ቁጭ ብሎ ቀጣዩን መስመር ይጠቁመዋል። በዓመቱ፣ በጁን 2022፣ በወር 10 ዶላር ተተምኖለት ገበያ ወጣ። በዚያው ዓመት በኖቬምበር መጨረሻ ቻትጂፒቲ መጣ። ከዚያ በኋላ ከርሰሩ፣ ክሎድ ኮዱ፣ ምኑ ቅጡ! የዛሬዎቹ ደግሞ አንድ መስመር በመጠቆም አይወሰኑም። "ይህን ሥራልኝ" ሲሏቸው ፋይል ከፍተው፣ ጽፈው፣ ሞክረው፣ የተበላሸውንም ራሳቸው ጠግነው "ጨርሻለሁ ጌታዬ" ይላሉ።

በአገራችን ስሙን "ሰው ሠራሽ አስተውሎት" ብለነዋል። ሰው ሠራሽ መሆኑስ ግልጽ ነው፤ አስተውሎቱ ላይ ግን እንነጋገር። ማሽኑ የሚያደርገው ምንድን ነው? ሰዎች በዘመናት የጻፉትን ለቁጥር የሚታክት ጽሑፍና ኮድ አጥንቶ፣ ከዚህ ቃል በኋላ የትኛው ቃል ሊመጣ ይችላል ብሎ ይገምታል። ግምቱ ብዙ ጊዜ ልክ ይሆናል። ልክ ሳይሆንም ግን ያው በራስ መተማመኑ አይለየውም። "አላውቅም" ማለት እንደሚከብደው ባለሥልጣን ነው።

ያጠናው ኮድ የማን ነው? በዓለም ዙሪያ ፕሮግራመሮች ሌሊት እንቅልፍ አጥተው "ለሁሉም ይጥቀም" ብለው በነፃ ያስቀመጡት ነው። ከነሱ መካከል አንዳንዶቹ በኖቬምበር 2022 "ፈቃዳችንና ስማችን የት ገባ?" ብለው ካሊፎርኒያ ውስጥ ማይክሮሶፍትን፣ ጊትሀብንና ኦፕንኤአይን ፍርድ ቤት ገተሯቸው። በነፃ የተሰጠውን ሰብስቦ፣ አሽጎ፣ መልሶ ለሰጪው በወር ክፍያ መሸጥ! ይህን ንግድ መርካቶም አልሰማችበትም።

የማይካደውን አንካድ

አንዳንድ ወገኖች ይህ ሁሉ ወሬ ነው፣ ያልፋል ይላሉ። እኔ እንዲያ አልልም። መሣሪያው ይሠራል። ነፃ ጋዜጠኛ ነኝና በየጋዜጣው የጻፍኳቸውን ጽሑፎች ቀን፣ የቃል ብዛትና ያልተከፈለኝን ሒሳብ የሚይዝ ትንሽ ፕሮግራም ፈልጌ አንዱን መሣሪያ አዘዝኩት። ስሙ ይቅር። ሻዬ ሳይበርድ ሠርቶ አስረከበኝ። እሰየው አልኩ! ለሰው ባሠራው ስንት ይጠይቀኝ ነበር?

ግን አንድ ነገር አየሁ። ፕሮግራሙ የእኛን ቀን ወደ ፈረንጅ ሲመልስ መስከረም 1 ቀን 2016ን ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ብሎ ጻፈው። ቆይ እንጂ! ያን ዓመት እንቁጣጣሽ የዋለው ሴፕቴምበር 12 ነው። የ2015 ጳጉሜ 6 ቀን ነበረቻ! ማሽኑ ጳጉሜን ለዘላለም አምስት ቀን አድርጎ፣ በአራት ዓመት አንዴ የምትመጣውን ስድስተኛዋን ቀን ቅርጥፍ አድርጎ በልቷታል። ስህተቱን ስነግረው ይቅርታ ጠይቆ ወዲያው አስተካከለ። ትሑት ነው፣ ስድብም አይከፋው።

ነገሩ ይህ ነው፤ ስህተቱን ያገኘሁት ፕሮግራመር ስለሆንኩ አይደለም። ጳጉሜን ስለማውቅ ነው። ጳጉሜ 6 የምትባል ቀን መኖሯን የማያውቅ ሰው ቢሆን ኖሮስ? ፕሮግራሙ የኔን ጥቃቅን ሒሳብ ሳይሆን የሠራተኛ ደመወዝ፣ የባንክ ወለድ፣ የነፍሰ ጡር እናት የክትትል ቀን የሚቆጥር ቢሆንስ? ኮዱ አምሮ፣ ተስተካክሎ፣ ስህተቱን ሆዱ ውስጥ ደብቆ ሥራ ይጀምራል። ጉዱ የሚታወቀው ከአራት ዓመት በኋላ ነው። ያኔ ማን ይጠየቃል? ማሽኑ? ማሽን ሲከሰስ ያየ ይንገረኝ!

ጌቶች ምን አሉ?

አሁን ደግሞ ወደ ትልልቆቹ እንሂድ። በፌብሩዋሪ 2024 የኤንቪዲያው አለቃ ጄንሰን ሁዋንግ ዱባይ ላይ በተደረገ ጉባኤ ተነስቶ፣ ልጆች ኮምፒውተር ሳይንስ ይማሩ የሚለው ምክር እንደተገለበጠና የነሱም ሥራ ማንም ፕሮግራም መጻፍ እንዳያስፈልገው ማድረግ መሆኑን ተናገረ። ኤንቪዲያ የሚሸጠው ምንድን ነው? ኤአይ የሚሠራበትን ቺፕ! ባለ ወፍጮው "ሙቀጫ አያስፈልግም" ቢል ምን ይደንቃል?

በማርች 2025 ደግሞ ክሎድን የሚሠራው የአንትሮፒክ ኩባንያ አለቃ ዳሪዮ አሞዴይ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ 90 ከመቶውን ኮድ ኤአይ የሚጽፍበት ደረጃ እንደርሳለን አለ። ስድስቱ ወር አለፈ። ኩባንያዎቹ ግን ዛሬም መሐንዲስ ይቀጥራሉ፤ ያውም ልምድ ያለውን እየመረጡ። የጉግሉ ሰንዳር ፒቻይ በኦክቶበር 2024 ከአዲሱ ኮዳችን ከሩብ በላይ የሆነውን ኤአይ ይጽፈዋል ብሎ ነበር። አንድ ነገር ግን አክሏል፤ መሐንዲሶች አይተው ካጸደቁት በኋላ! ጮቤ የሚረግጡት ሰዎች ይህቺን የመጨረሻዋን ሐረግ አይጠቅሷትም። የማይክሮሶፍቱ ሳትያ ናዴላ በኤፕሪል 2025 ከኮዳችን ከ20 እስከ 30 ከመቶ የሚሆነው በማሽን የተጻፈ ነው አለ። በወሩ፣ በሜይ፣ ኩባንያው 6,000 ያህል ሠራተኛ እንደሚቀንስ አስታወቀ፤ በጁላይ ሌላ 9,000 ያህል ጨመረበት። በኤአይ ምክንያት ነው አላሉም። እኔም አልልም። ግን ሠራተኛው ሁለቱን ዜና ጎን ለጎን ሲያነብ ምን እንዲያስብ ይጠበቃል?

ሚዛን ላይ ሲወጣ

ወሬውን እንተወውና የተመዘነውን እንይ። ሜትር የተባለ የአሜሪካ የምርምር ድርጅት በጁላይ 2025 አንድ ጥናት አወጣ። 16 ልምድ ያላቸው ፕሮግራመሮች በደንብ በሚያውቁት የራሳቸው ፕሮጀክት ላይ 246 ሥራዎች እንዲሠሩ ተደረገ፤ ገሚሱን በኤአይ፣ ገሚሱን ያለ ኤአይ። ከሥራው በፊት "በ24 ከመቶ እንፈጥናለን" ብለው ገመቱ። ከጨረሱም በኋላ "በ20 ከመቶ ፈጥነናል" አሉ። ሰዓቱ ሲታይ ግን በ19 ከመቶ ዘግይተው ተገኙ! እርግጥ 16 ሰው ጥቂት ነው፤ መሣሪያዎቹም በ2025 መጀመሪያ የነበሩት ናቸው፣ ከዚያ ወዲህ ተሻሽለዋል። እኔን የገረመኝ ግን መዘግየታቸው አይደለም። እየዘገዩ የፈጠኑ መስሏቸው መዋላቸው ነው። የነዚህ አዋቂዎች ግምት እንዲህ ከሳተ፣ "ሥራችን በእጥፍ ፈጠነ" የሚለውን ሥራ አስኪያጅ በምን እንመነው?

ስታክ ኦቨርፍሎው በ2025 ፕሮግራመሮችን በሰፊው ጠይቆ ነበር። 84 ከመቶዎቹ ኤአይ እንጠቀማለን ወይም ልንጠቀም አስበናል አሉ። የሚሰጠውን መልስ ትክክለኛነት አናምንም ያሉት ግን 46 ከመቶ፣ እናምናለን ያሉት 33 ከመቶ ናቸው። ትልቁ ምሬታቸው ምን መሰላችሁ? "ልክ ሊሆን ጥቂት የቀረው" መልስ! ጨርሶ የተሳሳተውንማ ሁሉም ያየዋል። ሰው የሚገድለው ልክ የሚመስለው ነው። ቀደም ብሎም በ2021 የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለደኅንነት አስጊ በሆኑ ጉዳዮች ላይ ኮፓይለትን 1,689 ፕሮግራሞች አስጽፈውት፣ 40 ከመቶ ያህሉ ለሌባ የተከፈተ በር ሆኖ አግኝተውታል።

የጁላይ 2025ቱ ጉድ ደግሞ አለ። ጄሰን ሌምኪን የሚባል አሜሪካዊ ባለሀብት ሬፕሊት በተባለው መሣሪያ ፕሮግራም ሲያሠራ ሰነበተ። በዘጠነኛው ቀን ገደማ፣ "ያለ ፈቃዴ ምንም ነገር እንዳትነካ" ብሎ አዝዞት ሳለ፣ ማሽኑ ሥራ ላይ ያለውን ዳታቤዝ ድምጥማጡን አጠፋው። ሲጠየቅ ደነገጥኩ አለ! ጭራሽ የጠፋው ሊመለስ አይችልም ብሎም ነበር፤ በኋላ ሲሞከር ተመለሰ። የኩባንያው ኃላፊ በአደባባይ ይቅርታ ጠየቀ። ይቅርታ የጠየቀው ማን እንደሆነ ልብ በሉ፤ ሰው ነው።

"ቫይብ ኮዲንግ" የሚለውን ቃል በፌብሩዋሪ 2025 ያወጣው አንድሬ ካርፓቲ ነው፤ ኮድ መኖሩን እንኳ ረስቶ፣ ማሽኑ ያመጣውን ሁሉ እሺ እያሉ መሄድ ማለት ነው። ሰውዬው ግን ይህ ለቅዳሜና እሑድ፣ ተሠርቶ ለሚጣል ነገር ነው ብሎ ነበር። የኛዎቹ ቃሉን ያዙና ገደቡን ጣሉት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉ።

የዘር እህል እየተበላ ነው

አሁን ወደ እህቴ ልጅ ጥያቄ ልመለስ። ልምዱን ከየት ያምጣ?

ጋራዥ የሄደ ሁሉ የሚያውቀውን ልንገራችሁ። ሜካኒክ ከትምህርት ቤት ተመርቆ ብቻ አይወጣም። መጀመሪያ መፍቻ አቀባይ ነው። ጎማ ይነቅላል፣ ዘይት ይደፋል፣ "አሥራ ሰባት ቁጥር አምጣ!" ሲባል አሥራ ዘጠኝ አምጥቶ ይሰደባል። በሦስተኛው ዓመት ድምፁን ሰምቶ ብቻ ሞተሩ ምን እንደሆነ ይነግርሃል። ፕሮግራመርም እንዲሁ ነው። ጀማሪው የሚሰጠው ተራ ሥራ፣ ያቺው ማሽኑ በደቂቃ የሚሠራት አሰልቺ ሥራ፣ ለድርጅቱ ትንሽ ጥቅም ናት፤ ለልጁ ግን ትምህርት ቤቱ ናት።

ያንን ሥራ ለማሽን ሰጥተን መፍቻ አቀባዩን ከጋራዡ ካባረርነው፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ዋናው ሜካኒክ ከየት ይመጣል? የማሽኑን ስህተት የሚያየው "ልምድ ያለው" ሰው እኮ ትናንት ጀማሪ የነበረው ነው! ገበሬ ቢርበው እንኳ የዘር እህሉን አይነካም፤ የነካ ዕለት የሚመጣውን ክረምት ገድሏል። የሶፍትዌር ኩባንያዎች ዛሬ ሳይርባቸው የዘር እህላቸውን እየቆረጠሙ ነው።

ይህ የኔ ስጋት ብቻ አይደለም። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በኦገስት 2025 ባወጡት ጽሑፍ የአሜሪካን የደመወዝ መዝገብ አገላብጠው፣ ዕድሜያቸው ከ22 እስከ 25 የሆኑ ሶፍትዌር ሠሪዎች ቅጥር በ2022 መጨረሻ ከነበረበት ጣሪያ 20 ከመቶ ያህል መውረዱን አሳይተዋል። በዕድሜና በልምድ የበሰሉት ላይ ይህ አልታየም። የወለድ መወደድና ሌላም ምክንያት አለበት የሚሉ ባለሙያዎች አሉ፤ ይኖርበታልም። ግን በሩ የተዘጋው በማን ፊት እንደሆነ ቁጥሩ ይናገራል።

የስታክ ኦቨርፍሎውም ታሪክ ያው ነው። ከ2008 ጀምሮ የዓለም ፕሮግራመር ሲቸግረው የሚጠይቅበት፣ ሌላው በነፃ የሚመልስበት መድረክ ነበር። ማሽኖቹ ከዚያ ጠጥተው አደጉ። ከቻትጂፒቲ ወዲህ ጠያቂው ወደ ማሽኑ ዞረና የጥያቄው ብዛት ቁልቁል ወረደ፤ በኦክቶበር 2023 ድርጅቱ 28 ከመቶ ሠራተኛውን ቀነሰ። ነገ አዲስ ችግር ሲመጣ፣ ሰው ተወያይቶ ያልፈታውን ማሽኑ ከየት ይቀዳዋል? ምንጩን አድርቆ በእንስራው መኩራራት ይሏል ይህ ነው።

ወደ ቤታችን ስንመጣ

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. መንግሥት ከተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ጋር ሆኖ "5 ሚሊዮን ኮደሮች" የተባለውን የሦስት ዓመት መርሐ ግብር በታላቅ ድምቀት ከፈተ። ዌብ ፕሮግራሚንግ፣ የአንድሮይድ ሥራ፣ ዳታ ሳይንስ፣ የኤአይ መሠረታዊ ትምህርት፤ ሁሉም በነፃ፣ በኢንተርኔት፣ ከነሰርተፊኬቱ። ልጆቻችን ይማሩ መባሉን የሚቃወም የለም፤ እኔም አልቃወምም። ግን ልብ በሉ፤ ኮድ መማር አያስፈልግም የተባለው በዚያው ዓመት፣ ዱባይ ላይ ነው! አምስት ሚሊዮን ኮደር እናወጣለን የተባለውም ከዚያው ከኤምሬቶች ጋር ነው። ከሁለቱ አንዱን እንያዝ ወይስ ሁለቱንም እናጨብጭብ?

ጥያቄዬ አጭር ነው። አምስት ሚሊዮን ሰርተፊኬት ወይስ አምስት ሚሊዮን ሥራ? መግቢያ ትምህርት ብቻ ጨርሶ የሚወጣ ልጅ የሚችለው ሥራ እኮ ማሽኑ ቀድሞ የወሰደው ሥራ ነው! በሩ ላይ ደርሶ "ልምድ ይዘህ ና" የሚባል ወጣት በሚሊዮን ማምረት ምን ይባላል? ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

በዚያው ወር፣ ሐምሌ 22፣ ብሩ በገበያ ይተመን ተባለና ከ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከመቶ ዘለለ። ሥራ አስኪያጁ "በወር 20 ዶላር ብቻ" ያላት ገንዘብ እንግዲህ በዚህ ሚዛን ትታይ። ለጀማሪ ልጅ ደመወዝ ሲከፈል ብሩ እዚሁ ይበላል፣ እዚሁ ቤት ይከራያል፣ ለእናቱ ዘይት ይገዛል። ለማሽኑ የሚከፈለው ግን በዶላር ወጥቶ አይመለስም። ልጁ በሦስት ዓመቱ ባለሙያ ይሆናል። ማሽኑ በሦስት ዓመቱ ዋጋ ይጨምር ይሆናል፤ መብቱ የባለቤቱ ነው። ኢንተርኔት የጠፋ ቀንስ? ኢንተርኔት መጥፋትን ለኛ ማንም አይነግረንም!

መጋቢት 2016ን አስታውሱ። በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ በደረሰ ችግር ሰው በሒሳቡ የሌለውን ገንዘብ ከማሽን ሲያወጣ አደረ፤ ባንኩ ራሱ ወጣ ያለው 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ነበር። ይህን ኤአይ አደረገው ማለቴ አይደለም፤ ከኤአይ ጋር አይገናኝም። የምለው፣ አንዲት የሲስተም ስህተት በአንድ ሌሊት ይህን ያህል ታስከፍላለች ነው። እንዲያ ያለ ሌሊት ሲመጣ የሚያስፈልገው የሲስተሙን አንጀት የሚያውቅ ሰው ነው። ኮዱን ማንም ያልጻፈው፣ ማንም ያላነበበው ከሆነ በዚያ ሌሊት ማንን ከእንቅልፉ እንቀሰቅሳለን?

እንግዲህ ምን ይሁን?

ማሽኑን እንስበር አልልም። የሚሰብረው ሰው ይከስራል። የምለው ግን አለ።

ድርጅቶች ሆይ! በማሽን አጽፉ፣ መብታችሁ ነው። ግን ያንን ኮድ አንብቦ፣ ገብቶት፣ ስሙን ጽፎ የሚፈርም ሰው ይኑር። ፈራሚ የሌለው ኮድ ባንክ፣ ሆስፒታልና የመብራት ቆጣሪ ውስጥ አይግባ። ከማሽኑ ባተረፋችሁት ገንዘብም ቢያንስ ጥቂት ጀማሪዎች ቅጠሩና ማሽኑ የጻፈውን ሲመረምሩ፣ ስህተቱን ሲያድኑ ይማሩበት። የዛሬው መፍቻ አቀባይነት እሱ ነው።

ዩኒቨርሲቲዎች ሆይ! ቤት ተሠርቶ የሚመጣ ፕሮጀክት ማን እንደሠራው አታውቁም። ተማሪውን ጥቁር ሰሌዳ ፊት አቁማችሁ "ይህ መስመር ለምን ተጻፈ?" ብላችሁ ጠይቁት። ኮድ መጻፍን ብቻ ሳይሆን የሌላውን ኮድ ማንበብን አስተምሩ።

መርሐ ግብር ነዳፊዎች ሆይ! ስንት ሰው ሰርተፊኬት ወሰደ ብላችሁ አትቁጠሩ። ስንት ሰው ሥራ ያዘ፣ ስንቱስ ከሁለት ዓመት በኋላ ሥራው ላይ አለ ብላችሁ ቆጥራችሁ በአደባባይ ንገሩን።

አንተም ወንድሜ፣ አንቺም እህቴ! መሣሪያውን ተጠቀሙበት፤ የማይጠቀም ወደ ኋላ ይቀራል። ግን ያልገባችሁን መስመር አትዋጡ። መጀመሪያ ራሳችሁ ሞክሩ፣ ከዚያ ጠይቁት፣ ከዚያም ተከራከሩት። ማሽኑ የማያውቃት የየራሳችሁ ጳጉሜ 6 አለች። እሷን የሚያውቅ ሰው ገና ይፈለጋል።

የእህቴ ልጅ አሁን ሰፈር ውስጥ ላለች አንዲት የመድኃኒት መደብር የዕቃ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም በትንሽ ብር እየሠራ ነው። በኤአይ ነው የሚሠራው፤ አልደበቀኝም። ግን እያንዳንዱን መስመር በደብተር እየገለበጠ "ይቺ ምን ታደርጋለች?" እያለ ሲያመሽ አየዋለሁ። ባለፈው ጊዜው ያለፈበትን መድኃኒት "ደህና ነው" የሚል ስህተት አግኝቶ ሌሊት ቀሰቀሰኝ። "ጋሼ፣ ያዝኩት!" አለኝ።

ልምድ ማለት ይህቺ ናት። ያ ሥራ አስኪያጅ ግን ይህቺን ከየትም በ20 ዶላር አይገዛትም። የዘር እህሉን የጨረሰ ዕለት ልጁን በደጁ ሊፈልገው ይመጣል። ያኔ ልጁ ዋጋውን ይንገረው!